ቡሶላው እስኪመጣ

እሑድ፣ ኅዳር 8 ቀን
ከሰዓት በኋላ፣ ከጋራዡ ዕቃ ክፍል

ለወንድሜ ልጅ፣ ለዳዶዬ፤

ጤናሽን ሳልጠይቅ ወደ ነገሬ ብገባ እናትሽ ታፍርብኛለችና፣ ጉንፋኑ ለቀቀሽ ወይ? ያ የምትሠሪበት መጋዘን አሁንም በሁለቱም በኩል ነፋስ ያስገባል? ካልሲ ደርቢ። ሹራብሽንም ለማማር ብለሽ ወገብሽ ላይ አትሰሪው፤ ሹራብ የተሠራው ለላይ ነው። «እኛ ደህና ነን» የሚለውን እዚህ ላይ መጻፍ ነበረብኝ። ብዕሩን ወረቀቱ ላይ አሳርፌ ትንሽ ቆየሁና ተውኩት።

ይህን ያህል ትልቅ ሰው ሆኜ አሁንም ዳዶ ይለኛል ብለሽ ትነጫነጪ ይሆናል። ተነጫነጪ። ተወልደሽ ስትታቀፊ ፊትሽ ክብ፣ አገጭሽ እንደ ዳዶ፣ እንደ ብሎን ማሰሪያው፣ ማዕዘን ማዕዘን ነበርና «ይቺ ልጅ ለአሥራ ዘጠኝ ቁልፍ ነው የተሠራችው» ያልኩት እኔ ነኝ። እናትሽ ያኔ ያኮረፈችኝ ኩርፊያ ገና አላለቀም። ስሙ ግን ያንቺ ነው፤ ሌላ የማወርስሽ ነገር ስለሌለ ያዢው።

ስልክ እያለ ደብዳቤ የጻፍኩበት ምክንያት አለኝ። በስልክ ሳወራሽ አባትሽ ሁልጊዜ አጠገቤ ነው። ደግሞ ስልክ ስይዝ ከአፌ የሚወጣው ቀልድ ብቻ ነው፤ ይህን አንቺም ታውቂዋለሽ። የላክሻቸውን ሁለቱን ፎቶዎች ደጋግሜ አይቻቸዋለሁ። «ለአባቴ ቡሶላ ልልክለት ቃል ገብቻለሁ፤ ከሁለቱ የትኛው ይሻለዋል?» ብለሻል። መልሴ የዘገየው ስለማላውቀው አይደለም። ያ ቡሶላ፣ ያ የብሎን መፍቻ ሳጥን፣ በደረሰ ማግስት አባትሽ ወደ ሥራ ይመለሳል። አባትሽ ወደ ሥራ ከተመለሰ ደግሞ አንድ ቀን ሰው ይሞታል ብዬ እፈራለሁ። ይኸው፣ ተናገርኩት። አሁን ቀስ ብዬ ላስረዳሽ።

በመጀመሪያ ግን የጠየቅሽኝን ልመልስ፤ ጥያቄ መዝለል የአባትሽ እንጂ የእኔ አመል አይደለም።

ያ ጥቁሩ ሳጥን ለእሱ አይሆንም። ግድግዳቸው ወፍራም የሆኑት ጥቁር ቡሶላዎች በአየር ለሚሠራ መፍቻ ማሽን የተሠሩ ናቸው፤ ምቱን ይችላሉ። የሚያብለጨልጨውን ነጩን ቡሶላ በዚያ ማሽን ብታስመቺው ይሰነጠቃል፣ ስንጣሪውም ዓይን ነው የሚፈልገው። በእጁ ለሚሠራ ሰው ግን ጥቁሩ ውፍረቱ ብቻ ነው የሚተርፈው፤ ጠባብ ቦታ ላይ ከብሎኑ ጎን አልገባም ብሎ ይቆማል። አባትሽ የአየር ማሽኑን ነክቶትም አያውቅም። «ጩኸቱ ብሎኑ የሚለኝን ያሳጣኛል» ነው የሚለው።

ሁለተኛው እሱ ነው። ፎቶው ላይ አውራ ጣትሽ ግማሹን ሸፍኖታል፤ ቢሆንም ጥፍርሽን መቁረጥ እንዳለብሽም፣ የቡሶላዎቹን ቁጥርም አንብቤአለሁ። የእጀታው መሰኪያ ግማሽ ኢንች፣ ቡሶላዎቹ በሚሊ ሜትር፣ ከአሥር እስከ ሠላሳ ሁለት። ውስጣቸው ስድስት ማዕዘን ነው። አሥራ ሁለት ማዕዘኑን ሰነፍ ይወደዋል፣ እኔም እወደዋለሁ፤ በየትም በኩል ብትሰኪው ቶሎ ይገባል። ግን የሚነክሰው የብሎኑን ጠርዝ ብቻ ስለሆነ፣ የዛገ ብሎን ካጋጠመው ጠርዙን ልጦ ክብ ያደርገዋል፤ ከዚያ ወዲያ መሮና መዶሻ ነው። ስድስቱ ጎን ለጎን ያቅፈዋል። ረጃጅሞቹም አሉበት፣ ሁለት ማራዘሚያም አለው፣ አንገቱ የሚታጠፍ መገጣጠሚያም አይቻለሁ። ሱቁ ገብተሽ እጀታውን ጆሮሽ አጠገብ ብታዞሪው ጥርሱ ጥቅጥቅ ብሎ እንደሚንቀጫቀጭ እወራረዳለሁ። እንዲህ ዓይነቱ ክንድ በማይዞርበት ጉድጓድ ውስጥ እንኳ በትንሽ በትንሹ እየጎተተ ያወጣልሻል። ጫፉ ላይ ያለችው ኳስም ቡሶላውን አጥብቃ የምትይዝ ይመስለኛል። እንግዲህ አባትሽ ራሱ ሱቁ ውስጥ ቆሞ ቢመርጥ የሚመርጠው ይህን ነው።

ስኳር በሽታውን ታውቂያለሽ። ወደ ጣቶቹ መሄዱን ግን አልነገርንሽም። እናትሽ «ልጄ በሰው አገር ብቻዋን ታለቅሳለች» ብላ አስምላኝ ነበር። መሐላውን አሁን በዚህ ብዕር አፈረስኩት። ስታውቅ አንድ ሁለት ቀን ምሳ ትከለክለኛለች፤ እችለዋለሁ።

እንዲህ ነው የጀመረው። አባትሽ አንድ ጠዋት ከአንድ ፒካፕ ሥር ተኝቶ እየሠራ ነበር። ሞተሩ ገና መጥፋቱ ነው። እኔ ከላይ የመብራቱን ሽቦ እያየሁ ሳለ የሚቃጠል ነገር ሸተተኝ። ሽቦ አይደለም፣ ጎማም አይደለም። ጎንበስ ብዬ ሳይ ግራ እጁን የጋለው የጭስ ማውጫ ቱቦ ላይ ተደግፎበት፣ በቀኝ እጁ ብሎን እየፈታ ያፏጫል። እጁን ጎትቼ ሳነሳው የጣቶቹ ቆዳ ቱቦው ላይ ቀረ። እሱ ቀና ብሎ የሌላ ሰው እጅ የሚያይ ይመስል አየው። ከዚያ ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅሁ፤ ሌላ ምን ላድርግ።

ሐኪሙ ነርቩ ደንዝዟል አለ። መድኃኒቱ እንዳይብስበት ይረዳል እንጂ የሄደውን አይመልስም አለ። ይህን ሁሉ ሲናገር የአባትሽን ጣቶች አንድ በአንድ በመርፌ ጫፍ እየነካ ነው፤ አባትሽ በእያንዳንዷ ንክኪ መስኮቱን እያየ «ተሰማኝ» ይላል፣ ሳይነካውም «ተሰማኝ» ይላል። ስንወጣ «ይሄ ልጅ ገና ተለማማጅ ነው» አለኝ። የሐኪሙ ፀጉር ከእሱ ፀጉር ይልቅ የሸበተ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሥራዬ ሁለት ሆነ። አባትሽ ያጠበቀውን እኔ ከኋላው እየሄድኩ አያለሁ። አንዱን ከልኩ በላይ አጥብቆ አንገቱን ቀንጥሶታል፣ ሌላው ገና በጣት ይዞራል። ዞር ሲልልኝ አስተካክላለሁ። ብሎን ሲጠብቅ እጅ ላይ የሚመጣ ነገር አለ፤ መጀመሪያ ይለሰልሳል፣ ቀጥሎ ይከብዳል፣ ከዚያ «በቃኝ» ይላል። አባትሽ ያን «በቃኝ» ከማናችንም በፊት የሚሰማ ሰው ነበር። አሁን እጁ ላይ ምንም የሚመጣ ነገር የለም። ክንዱ ሲደክም ነው የሚያቆመው።

አመሌን ታውቂው የለ፣ መላ ሲጠፋኝ ወደ ተንኮል ዞርኩ። አሥራ ሦስት ቁጥሯን ቡሶላ ደበቅሁበት። ያለ አሥራ ሦስት የትኛው ጋራዥ ሥራ ይሠራል? ጠዋቱን ሙሉ ሲፈልጋት ዋለ። የጋራዡን በያጅ ጠረጠረው፤ በያጁም ብረት እንጂ ቡሶላ እንደማይበላ ነግሮት ተኳርፈው አመሹ። በማግስቱ አሥራ ሰባትን ደበቅሁ። እስኪያገኛት ድረስ አይሠራም፣ ካልሠራ የሚበላሽ የለም ብዬ ነው። ሳጥኑን ከፍቶ ባዶዎቹን ቦታዎች ሲያይ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። «የት እንደማስቀምጥ መርሳት ጀመርኩ ማለት ነው» አለኝ። እጁን መጠርጠር የነበረበት ሰው ልቦናውን ሲጠረጥር አየሁ። ያኔውኑ አግዳሚው ሥር ገብቼ «አገኘኋቸው» ብዬ አወጣኋቸው። ብዙ ሰው አብሽቄ አውቃለሁ፤ በዚህኛው ግን አልሳቅሁም።

ቀጥሎ ከጎማ ቤቱ «ቋ ባዩን» ተዋስኩለት። ይህን እዚያ ሳታዪው አትቀሪም፤ እጀታው ላይ የምትፈልጊውን ጥብቀት በቁጥር ትሞዪለታለሽ፣ ዳዶው ያ ልክ ላይ ሲደርስ «ቋ» ይላል፣ ታቆሚያለሽ። አባትሽ መጀመሪያ «ይሄ የጆሮ መካኒክ ነው» ብሎ ተሳለቀበት። ከጥቂት ቀን በኋላ ግን ከእጁ አልለየው አለ። ጣቱ ያልነገረውን ጆሮው እየነገረው፣ ፊቱ ተመለሰ። ማፏጨቱም ተመለሰ። እኔም ተገላገልኩ ብዬ ከኋላው መሄዱን አላላሁት።

ከዚያ ሠራተኛ የሚያመላልሰው ትልቁ አውቶቡስ መጣ። አባትሽ የፊቱን ፍሬን ቀይሮ ጎማውን መለሰ። ዳዶዎቹ በየተራ «ቋ» ሲሉ ከሽቦዎቼ ጋር እየታገልኩ እሰማ ነበር። ምሳ ሰዓት ሁሉም ሲወጣ ልማዴ አላስቀምጥ ቢለኝ ሄጄ አየሁ። ከዳዶዎቹ ሁለቱ ከሌሎቹ ይልቅ ወደ ውጭ ቀርተዋል። በትንሹ ነው፤ ቸኩሎ የሚያይ ሰው አያስተውለውም።

መቼም ዳዶ መጀመሪያ በጣት ነው የሚገባው። ሁለት ሦስት ዙር በጣት ለስልሶ ካልገባ ቡሶላ አይነካውም። ጥርሱ ጥርሱን ስቶ ከጀመረ ጣት ወዲያው ይጠረጥራል፤ ይመልሰዋል፣ ቀና አድርጎ እንደገና ይጀምራል። አባትሽ ዳዶው ከጣቱ እየወደቀ አስቸግሮት ኖሮ፣ ቡሶላው ውስጥ ከትቶ ከመጀመሪያው በእጀታው ነድቶታል። ዳዶው ዘሞ ገብቷል። በግድ ሲሄድ ሲሄድ ጠነከረና «ቋ» አለ። ቋ ባዩ መጥበቁን እንጂ እንዴት እንደጠበቀ አያውቅም። ረጅሙን እጀታ ይዤ ስፈታው ከዳዶው ጋር የብረት ፍርፋሪ ወረደ። የብሎኑ ጥርስ ተልጦ ለስልሷል። እንዲህ ሆኖ ቢወጣ ኖሮ ሌሎቹም ጭነቱ በዝቶባቸው እየላሉ፣ አንድ ቁልቁለት ላይ ምን እንደሚሆን ልጽፍልሽ አልፈልግም። አውቶቡሱን አንቺን የመሰሉ ልጆች ናቸው የሚሞሉት፤ ከሥራ ሲመለሱ እርስ በርስ ተደጋግፈው ያንቀላፋሉ።

ቀና ስል አባትሽ ከኋላዬ ቆሟል። እጆቹን ቱታው ኪስ ውስጥ ከቷል።

«ስንቱ ነው?» አለኝ።

«ሁለቱ።» ቀልድ ፈለግሁ፣ አልመጣልኝም።

«ትናንት የሠራሁትስ?»

«ጋሼ፣ ተወው በቃ።»

«ይኼን ሁሉ ጊዜ ከኋላዬ ስትልከሰከስ የከረምከው ለዚህ ነው?»

የአውቶቡሱ ሹፌር ደረጃው ላይ ተቀምጦ ዳቦ እየበላ ነበር፤ ማኘኩን አቆመ። በያጁም መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መጣ። ሰው ሲሰበሰብ የአባትሽ ፊት ተለወጠ። ከኪሱ ቡሶላዋን አውጥቶ ለሁሉም አሳያቸው። ስንት ዘመን የሠራባት አሥራ ሁለት ማዕዘን ናት፣ ውስጧ ተበልቶ ክብ ሊሆን ምንም አልቀራት። «ተመልከቱ፣ በዚህ ምን ይሠራል? ያረጀው ቡሶላው ነው» አለ። «ልጄ አዲስ ልትልክልኝ ነው። ይምጣና እንተያያለን።»

የሚያሳዝነው ቡሶላዋ በእርግጥ ማርጀቷ ነው። ሙሉ ውሸት ቢሆን ኖሮ እኔም ሙሉ ሰው ሆኜ እከራከረው ነበር።

አለቃችን ከቢሮው ወጣ። እሱ ገና ልጅ ሳለ አባቱና አባትሽ አብረው ይህን ጋራዥ እንዳቆሙት ታውቂያለሽ፤ አባትሽን አስወጣለሁ ቢል ምላሱ አይታዘዝለትም። ከዚያ በፊት በዘዴ ዕቃ ክፍሉን ይረከቡልኝ ብሎት ነበር፤ አባትሽ «ዕቃ ለመጠበቅ ነው ይህን ያህል የኖርኩት?» ብሎ ጥሎት ሄዷል። አሁን አለቃችን የብረቱን ፍርፋሪ በጫማው ጫፍ ነካ ነካ አደረገና፣ ዓይኑን እኔ ላይ ተክሎ እሱን አነጋገረው።

«እንግዲያው ጋሼ፣ ቡሶላው እስኪመጣ ትንሽ ይረፉ። ሲመጣ ይጀምራሉ።»

«ቃልህ ነው?»

«ቃሌ ነው።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ አባትሽ ቤት ነው። ለአንቺ በስልክ «ሥራ ቀዝቅዟል፣ ትንሽ አረፍ ብያለሁ» የሚልሽ ይህን ነው። መስኮቱ አጠገብ ወንበር ስቦ የፖስታው መኪና የሚያልፍበትን መንገድ ያያል። ሳሎኑ ውስጥ ካለው መደርደሪያ ላይ የእናትሽን ብርጭቆዎች አንስቶ አንዱን እርከን ባዶ አድርጓል፤ ሳጥኑ እንዳይንሸራተት ብሎ ከአሮጌ ከመነዳሪ፣ ከጎማ ውስጥ ከሚገባው ላስቲክ፣ ምንጣፍ ቆርጦ አንጥፎለታል። ስፋቱን ከየት አመጣኸው ብለው «ግማሽ ኢንች ሳጥን ስፋቱ ይታወቃል» አለኝ። የሸሚዙን ቁልፍ እናትሽ ናት የምትቆልፍለት። እኔ ስገባ እሷ ፈጠን ብላ እጇን ታነሳለች፣ እኔም ጫማዬን የምፈታ መስዬ አቀረቅራለሁ።

ቀን ቀን ጭኑ ላይ ፎጣ ዘርግቶ አንድ ብሎንና አንድ ዳዶ ይዞ ይለማመዳል። ዓይኑን ጨፍኖ ዳዶውን በጣቱ ለማስገባት ይሞክራል። ይወድቅበታል። ካልወደቀ ዘሞ ይገባል፤ ዓይኑን ገልጦ ሲያይ ብቻ ነው መዝመሙን የሚያውቀው። ከዚያ እንደገና። አንድ ቀን በር ላይ ቆሜ ሳይነቃብኝ አይቼው ተመለስኩ። የገባ ጊዜ አላየሁም።

ጋራዡ እንደሆነ አለ። በያጁ «አንተ ሰውዬ፣ ታመሃል እንዴ፣ ከሰው ጋር መጣላት ተውክ» ይለኛል። የአባትሽ አግዳሚ ባዶ ነው። አዲስ የመጣ መካኒክ ዕቃውን ሊያስቀምጥበት ቢል «የተያዘ ነው» አልኩት። ማን እንደያዘው አልጠየቀኝም።

እንግዲህ ዳዶዬ፣ «ምረጥልኝ» ብለሽኛል። አልልክም ብትዪው፣ ወይም ብታዘገዪው፣ ልጄ ረሳችኝ ብሎ ይሰበራል፤ ተሰብሮም አይቀር፣ ከሰው ተውሶ ይመጣል። ያን ሁለተኛውን ብትልኪው በማግስቱ ቱታውን ለብሶ በሩ ላይ ነው። አለቃችን ቃል ሰጥቷል። እኔም ከኋላው ስሄድ አንድ ቀን እታመማለሁ፣ አንድ ቀን ዕቃ ልገዛ እወጣለሁ። ፊት ለፊት ያልነገርኩት እንዳይመስልሽ። ነግሬዋለሁ፤ እናትሽም፣ ሐኪሙም ነግረውታል። ጆሮ ዳባ ልበስ ብሏል።

ስለዚህ ተመልሰሽ ያ ሱቅ ግቢና ፎቶ ያላነሳሽለትን ሌላ ሳጥን ጠይቂ። ቡሶላዎቹ በኢንች የሆኑትን። እዚህ የምንሠራባቸው መኪናዎች በሙሉ በሚሊ ናቸው፤ አንድም የኢንች ብሎን ያለው አይገባም። ግን ልብ በይ፣ ትልቁን የኢንች ሳጥን እንዳትገዢ። ሦስት አራተኛው ኢንች አሥራ ዘጠኝ ብሎን ላይ የራሱ ቤት ይመስል ይገባል፤ ሰባት ስምንተኛውም ሃያ ሁለት ላይ እንደዚሁ። አባትሽ ደግሞ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል፣ በሁለቱ ብቻ ጎማ ሲፈታ ይውላል። አንቺ የምትገዢው ትንሿን ነው፤ የእጀታዋ መሰኪያ ሩብ ኢንች፣ ከግማሽ ኢንች በላይ የሆነ ቡሶላ የሌላትን። ከውስጧ አምስት አሥራ ስድስተኛዋ ብቻ ስምንት ቁጥር ላይ ትገባለች። ሻጩን ይህቺን አውጣልኝ እንድትዪው አስቤ ነበር፤ በኋላ ግን ተውኩት። ስምንት ቁጥር የመብራት ሽፋንና የሰሌዳ ብሎን ነው። አንዷ ትግጠምለት። የመብራት ሽፋን ቢወድቅ ማንም አይሞትም።

ደግሞ የምታምር ትሁን። ሳጥኗ ብረት፣ ቡሶላዎቹ ፊት የሚያሳዩ። ለጎረቤት ሲያሳይ የሚያኮራ ነገር ይሁን። ርካሹን ልከሽ እንዳታዋርጂው።

ሲከፍታት ምን እንደሚሆን ሳስብ ነው የቆየሁት። በሰው ፊት «ልጄ ተሳሳተች፣ ኢንችና ሚሊ ተምታታባት» ይላል። አለቃችንም፣ በያጁም፣ ሹፌሩም «የመካኒክ ልጅ ሆና» ብለው ይስቁብሻል፤ እኔም ለወጉ ከሁሉም በላይ እስቃለሁ። ይህን ትሸከሚዋለሽ? ለሌላ ሰው ይህን አልለምንም።

እሱ ግን ያውቃል። ፊደል ሳትቆጥሪ ዓይንሽን በመሐረቡ አስሮ አሥራ ሁለትና አሥራ ሦስትን በጣትሽ ያስለየሽ እሱ ነው። አንቺ በዚህ እንደማትሳሳቺ እጁ ባያውቅ ልቡ ያውቃል። ያንን ፈርቼ ይህን ደብዳቤ ብቀድደው ደስ ባለኝ። ቢሆንም ከሐኪም አፍ ከሚሰማው፣ ሹፌር ቆሞ እያየው ከእኔ ከሚሰማው፣ ከአንቺ ቢሰማው ይሻላል እላለሁ። ሰው ሲጠይቀው «ቡሶላው አልገጠመም» ይላል፤ ውሸት አይሆንበትም። መደርደሪያው ላይ ያስቀምጣታል። ሌላ ሳጥን ላኪልኝ ካላለሽ፣ ነገሩ ገብቶታል ማለት ነው።

ይደውልልሻል። እኔ አጠገቡ ከሆንኩ የግድ እቀልዳለሁና ያን ቀን ሆን ብዬ አልገኝም። «ኢንች ነው እኮ የላክሽልኝ» ይልሻል። «ሳላየው ቀርቼ ነው፣ አባዬ» በይው። ልለውጥልህ አትበዪው። ይቅርታም አታብዢ፤ ይቅርታ ከበዛ ያዝንልሻል። ከዚያ በኋላ ዝም ይላል። ዝምታው ቢረዝምም ስልኩን እንዳትዘጊው።

አምላክ ጣቶችሽን ይጠብቅልሽ፤ የነካሽው ይሰማሽ። ብርዱን ያርቅልሽ፣ ክፉ ሰው አያሳይሽ፣ እናትሽ በሕይወት ሳለች የምትመጪበትን መንገድ ይክፈትልሽ። አባትሽም ብዬ ልጽፍ ነበር፤ እሱንም ጨምሪልኝ።

የሚያበሽቅሽ የሚወድሽ
አጎትሽ